ፈረስ ቆሞ አያርፍም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የምሠራበት ሎጅ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ የሂሳብ ክፍሉ ልጅም ተነስቶ አጭር ንግግር አደረገ። መጨረሻው ላይ «እትዬ ዘነበች፣ ብዙ ደክመዋል። ከእንግዲህ ቤትዎ ቁጭ ብለው ይረፉ» አለ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ የተሳሳተ ነገር የተናገረ መስሎት ደነገጠ እንጂ ጥፋቱስ የሱ አልነበረም። በአማርኛችን ያረፈ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠ፣ ሌላው ፍትሐት የተደረገለት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ፈረሶች ከመጀመሪያው ዕረፍት ወደ ሁለተኛው እንዳይሻገሩ ነው። ለፈረስ የከለከልኩትን ቁጭ ብሎ ማረፍ ለራሴ ልቀበለው?

የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ተምሬ ስመረቅ እናቴ «መርፌ መውጋትሽ ካልቀረ ምን አለ ለሰው ብትወጊ?» ብላ አዘነች። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ማደግ እንዲህ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ አንቺን ሳይጠይቅ ለሐኪምነት ወይም ለመምህርነት አጭቶሻል። የተመደብኩበት የከተማው የእንስሳት ክሊኒክ ዋና በሽተኛው የጋሪ ፈረስ ነበር። ያኔ ሐዋሳ ባጃጅ አታውቅም፤ ሰውም፣ ጤፍም፣ ሲሚንቶም የሚሄደው በጋሪ ነው። ባለ ጋሪዎቹ ነጭ ጋወን ለብሼ ሲያዩኝ «ሲስተር» አሉኝ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እናቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ ተጽናናች። ደመወዙ የሚያኮራ አልነበረም፣ እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ካያሞ ናቸው። የክሊኒኩ ነባር ባለሙያ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቡሹሎ ሰው፣ ሲበዛ ኩሩ። ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ይመጡና በዚያው ጫማ ፋንድያ ውስጥ ይገባሉ። «ፈረስ የሚያከብረው ያከበረውን ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን ባልቴት አስበው እንደሚለብሱ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ይህንኑ ብላቸው ለሳምንት አኮረፉኝ።

ፈረስ ሲመጣላቸው ከባለቤቱ በፊት ለፈረሱ «ኬሬ» ይሉታል፤ በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። ከዚያ እጃቸውን ከጋማው ሥር ያስገባሉ፤ ሙቀቱንም ላቡንም እዚያ ያገኙታል። ቀጥለው ጎንበስ ይሉና ከጉልበቱ በታች ያለውን ጅማት በሁለት ጣት ይዘው ከላይ ወደ ታች ያወርዳሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ዓይን ሲያይ ጣት ይሰንፋል ብለው ያምናሉ። ባለቤቱ ስለ ምግቡ መለፍለፍ ሲጀምር ያቋርጡታል፦ «የበላውን ኋላ ትነግረኛለህ። መጀመሪያ ትናንት ምን ሠራ?»

ገብስን ደመወዝ ይሉታል። «ሥራ በሌለበት ቀን ደመወዝ የለም። ሥራ ሊቀር ሲል ገብሱ ቀድሞ ይቀንስ፤ ሥራ ሲጀመር ገብሱ ከኋላ ይከተል። ድርቆሽና ውኃ ግን መብቱ ነው፣ አይነካም።» ሰው ፈረሱን ላሳርፈው ነው ሲል ሰምተው ደግሞ ዝም አይሉም። ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፣ ፈረስ ግን እየተራመደ ነው የሚያርፈው፤ የቆመ ፈረስ ሆዱ ይታሰራል፣ እግሩ ያብጣል፣ ልቡ ያብዳል ይላሉ። በጠዋት ክሊኒክ ያደረ ፈረስ ካለ ራሳቸው ገመዱን ይዘው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያንሸራሽሩታል። ሁለቱ ሲሄዱ ላየ ሰው ስለ ቤት ኪራይ የሚመካከሩ ሽማግሌዎች ይመስሉ ነበር።

አሁን ወደ ቦራ ልምጣ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ከባለ ጋሪዎቹ ሁሉ ፈረሱን የሚወድ ታደሰ የሚባል ሰው ነበር። ቦራ የሚለው ፈረስ ነበረው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። እሱ ሳይበላ ፈረሱን የሚያበላ ሰው ነው። የፋሲካ ሰሞን ክሊኒክ ብቅ አለና «ሲስተር፣ በዓሉን ሙሉ ዕረፍት ልሰጠው ነው» አለኝ።

«ደግ አደረግህ። ገብሱን ቀንስለት፣ በየቀኑም ገመዱን ይዘህ አንሸራሽረው» አልኩት።

«ትቀልጃለሽ እንዴ? ሁዳዴን ሙሉ ከኔ ጋር ሲለፋ ከርሞ በፋሲካ ገብስ ልቀንስበት? እሱም እኮ ይፈስካል!»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሄደ። ቦራም ፈሰከ። ታደሰ ጓሮ አስሮት ገብስ በገብስ ላይ አቀረበለት፤ ጠላ የጠመቀ ጎረቤት ሁሉ ደግሞ ለቦራ ብሎ አተላ አመጣ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጋሪ ላይ ሲጠምደው ገላው ያብረቀርቅ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ዞሮ ዞሮ አየው። ገበያ ሳይደርስ ላብ አጠመቀው፤ የኋላ እግሮቹ ደረቁ፤ መንገዱ መሐል ቆመ።

ተጠርቼ ስደርስ ታፋው እንደ ጣውላ ጠንክሯል፤ ሽንቱ ጠቁሯል። ሥራ ፈትቶ ገብስ ሲቆለልለት የከረመ ጡንቻ ድንገት ሲታዘዝ ራሱን ያቃጥላል፤ ኩላሊትንም ይዞ ይሄዳል። የተሰበሰበው ሰው ግን «ዓይን በላው!» ነበር የሚለው። አንዱ ዱላ አንስቷል፣ ሌላው ጎትታችሁ ጥላ ሥር አድርሱት ይላል። «አንድ እርምጃ እንዳይራመድ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? ደግ ያደረጉ መስሏቸው እየገፉ አራመዱት፤ ወደቀ። ጋሽ ካያሞና የክሊኒኩ ዶክተርም መጡ፣ ያለንን መድኃኒት ሁሉ ሰጠን። በማግስቱ ታደሰ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ ቦራ አረፈ» አለኝ። ለእንስሳ ሞተ ነው የሚባለው። እሱ ግን አረፈ አለ፤ የሚያርመውም ሰው አልነበረም።

ከሐዘኔ ንዴቴ ባሰ። ታደሰ ከሄደ በኋላ «ነግሬው ነበር! በጆሮው ነግሬው ነበር!» እያልኩ ስንጎራደድ ጋሽ ካያሞ ክራቫታቸውን አላልተው ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ በክፋት የሚሠራን ጥፋት በቁጣ ታስቆሚዋለሽ። ታደሰ ግን ቦራን የገደለው በፍቅር ነው። በፍቅር የሚያደርገውን ተው ብትይው አይሰማሽም። በምትኩ የሚያደርገው ሌላ ፍቅር ፈልጊለት።»

ይህ ነገር ለብዙ ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ዞረ። ሰው በበዓል የሚያደርገው ምንድን ነው? ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሌላስ? ሌላማ ዘመድ ይጠይቃል! እንኳን አደረሳችሁ እያለ ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል። ታዲያ ፈረሱስ አብሮት ቢጠይቅ?

የሚቀጥለው በዓል ሲቃረብ የመጣውን ባለ ጋሪ ሁሉ «ጋሪውን ቤት ተወው፤ ፈረስህን በገመድ ይዘህ ጥየቃ ውጣ» እለው ጀመር። «አጥበው፣ ጋማውን አበጥረው፣ ለአክስትህ አሳያት። እንጀራ የሚያበላህን ሳታሳይ እንዴት እንኳን አደረሳችሁ ትላለህ?» መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ታደሰ አዲስ የገዛውን ፈረስ ይዞ ወጣ። ቀይ ክር ጋማው ላይ አስሮለት ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው መቅረት አቃተው፤ ባለ ጋሪ መቼም ቅናተኛ ነው። በየደጁ የሚቆመው ፈረስ ሣር ተጋበዘ እንጂ ገብስና አተላ አላየም፤ ዘመድ የበዛለት ፈረስ እንዲያውም ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ተራምዶ ዋለ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼም በዓሉ እስከሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ድረስ ፈረሳቸውን ይዘው የሚሄዱ ነበሩ። የበዓል ማግስት ክሊኒካችን ደጅ ላይ የሚሰለፈው እግሩ የደረቀ ፈረስ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። አንድ የፋሲካ ማግስት ጋሽ ካያሞ ባዶውን ግቢ እያዩ «ዛሬ ሥራ ፈታን» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ሹመት ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ዓለም ግን ተለወጠች። ባጃጅ መጣና ጋሪን ከአስፋልት ገፍቶ ወደ ዳር አወጣው። ጋሽ ካያሞ ጡረታ ወጥተው ቡሹሎ ገቡ። እኔም ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ለእንግዶች መጋለቢያ ያኖራቸውን አምስት ፈረሶች የሚይዝ ባለሙያ ሲፈልግ ተቀጠርኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ መስፍን ይባላል። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን አንተ እለዋለሁ፤ እሱ እርስዎ ይለኛል፤ ስንጣላም በዚሁ ነው። ቀና ሰው ነው፣ ቢሆንም ችኩል ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለሱ ይመስለኛል።

ከአምስቱ ፈረሶች ዳማ የተባለችው ባዝራ የልቤ ነበረች። ፈሪ እንግዳ ሲቀመጥባት እርምጃዋን ራሷ ታሳጥራለች። ኮሮና የሚባለው ሊገባ ሰሞን አንድ ጎረምሳ እንግዳ እርጥብ አሸዋ ላይ አስጋልቧት የፊት ግራ ጅማቷን ጎዳት። እጄን ሳወርድበት ይፋጃል፣ አብጧል። ከዩኒቨርሲቲው የመጣው የእንስሳት ሐኪም አይቶ «ጅማቱ አልተቆረጠም። ወራት ይፈልጋል፣ ከታገሣችሁ ግን ይመለሳል» አለ። በዚያው ሰሞን ሎጁ ተዘጋ። እንግዳ የለ፣ ገቢ የለ።

አቶ መስፍን ጠራኝ። «እትዬ ዘነበች፣ አራቱን ጋጣ ውስጥ አስረን እያበላን እናቆያቸው። የዳማ ነገር ግን አይሆንም። ነጋዴ ጠይቆኛል፣ ለጋሪ ይወስዳታል።»

ጅማቷ ያበጠ ባዝራ ለጋሪ! ሐዋሳ ውስጥ የኖረ ሰው የዚያን መጨረሻ ያውቀዋል፤ መጎተት ሲያቅታት ከከተማ ወጣ አድርገው መንገድ ዳር ይተዋታል፣ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ድምፄ ይጨምራል።

«መስፍን፣ አራቱን አስረህ ብትቀልብ ሲከፈት አንዱንም አታገኘውም። እኔ ልያዛቸው። የዳማንም ነገር ለኔ ተወው።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትከፍት።»

እጁን ዘረጋልኝ። «እሺ። በከፈትን ቀን ከሌሎቹ ጋር ሰው ይዛ ከወጣች ትቀራለች። ካልወጣች ግን ነጋዴው ይመጣል፤ ያኔ እንዳይቀየሙኝ።»

ጨበጥኩት።

ወዲያውኑ ገብሱን አወረድኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ በየቀኑ ከእፍኝ እፍኝ። ብረት ጫማቸውን አስወልቄ ሰኮናቸውን አስከረከምኩ። አራቱን ከጋጣ አውጥቼ በታጠረው ሣር ላይ አብረው ለቀቅኋቸው፤ የተለቀቀ ፈረስ ሣር ሲፈልግ፣ ከጓደኛው ሲጣላ፣ ሲታረቅ በራሱ ጊዜ ሲራመድ ይውላል። ዳማን ግን መልቀቅ አይቻልም፤ አንድ ጊዜ ብትፈነጥዝ ጅማቷ ይበጠሳል። ጓደኞቿን የምታይበት ጠባብ በረት አጠርኩላት። እግሯን በቀዝቃዛ ውኃ ነከርኩ፣ ፋሻ አሰርኩ፣ እብጠቱ ሲበርድ በገመድ ይዤ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ማራመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከበረቱ እስከ ወጥ ቤቱ፤ ቀጥሎ እስከ ሎጁ በር። ሐይቁ ዳር ያለው አሸዋ ለስላሳ ስለሆነ ሰው ይሻላታል ይላል፤ ለጅማት ግን እንደሱ ያለ ጠላት የለም።

ጋጣ የሚጠብቀው ደሳለኝ የታደሰ ወንድም ነው የሚያሰኝ ሰው ነበር። ፈረሶቹ ገብስ ለምነው ሲያሽካኩ አንጀቱ ይላወሳል። «እትዬ፣ እኛ በላን፣ እነሱ ያዩናል!» ይለኛል። አሁን ግን ተምሬያለሁ፣ አልተቆጣሁትም። ብሩሽ ሰጠሁትና «ባዘንክ ቁጥር አንዱን ቦርሽ» አልኩት። አዘነ፣ ቦረሸ፣ አዘነ፣ ቦረሸ። ሐዋሳ እንደዚያ የተቦረሸ ፈረስ አይታ አታውቅም።

አንድ ቀን ግን ጠዋት ስገባ ዳማ የታመመ እግሯን አሳርፋ ቆማለች። ጣቴን ጅማቷ ላይ አወረድኩ፤ ሞቋል። ደሳለኝ አጠገቤ ቆሞ ባርኔጣውን ያሻል።

«ትናንት ሞቋት ነበር፣ ላጥባት ብዬ ሐይቁ ድረስ ወሰድኳት» አለኝ።

«አሸዋው ውስጥ?»

«ደስ ብሏት ነበር እኮ፣ እትዬ።»

እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። አቶ መስፍን ሰምቶ መጣና አጠገቤ ቆመ። «እንግዲህ የቻሉትን አድርገዋል» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። ከቁጣው ይልቅ ያ ልስላሴው ነው እንባዬን ያደረቀው። ተነሳሁ። «እስክትከፍት አይደል ያልከኝ? ገና አልከፈትክም» አልኩትና ባልዲ ይዤ ቀዝቃዛ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ከበረቱ እስከ ወጥ ቤቱ። ደሳለኝም ከዚያ ቀን ወዲህ አሸዋውን ሲያይ ያማትብ ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ዳማም ሄደች። ሙቀቱ ጠፋ። ከሎጁ በር አልፈን አስፋልቱ ዳር፣ ከዚያም የታቦርን ተራራ ግርጌ ዳገት መያዝ ጀመርን። የሰፈሬ ሰው በየመስኮቱ ብቅ እያለ «ዘነበች፣ ፈረስ አስረጅተሽ አንቺ አላረጅም አልሽ?» ይለኛል። እኔ ወጣ ገባውን ስወጣ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ።

ሎጁ ሊከፈት መሆኑ ሲሰማ የአቶ መስፍን ጥድፊያ ተመለሰ። «አሁኑኑ ኮርቻ እንጫን፣ ገብስም በደንብ ይሰጣቸው፣ ጉልበት ያግኙ!» አልተስማማሁም። ለወራት ኮርቻ ያልነካው ጀርባ ቆዳው ስስ ነው፤ ባንዴ ሲታጠቅ ይላጣል። በጨው ውኃ ጀርባቸውን አጠነከርን፤ ባዶ ኮርቻ ጭነን አራመድን፤ ቀጥሎ ቀላል ሰው፤ ቀጥሎ ሶምሶማ። ገብሱ ከኋላ ተከተለ። አቶ መስፍን በየቀኑ እየመጣ «ዛሬስ?» ይላል፤ «ነገ» እለዋለሁ።

ዳማ ላይ የሚወጣው ቀላል ሰው ማን ይሁን የሚለው ግን አስቸገረ። እንግዶችን የሚያስጋልበው ልጅ ወጠምሻ ነው፤ ደሳለኝም ሎጁ ተዘግቶ ሳለ ሽሮውን ጨርሶ ወፍሯል። ዳማን ሊያይ የተመለሰው ሐኪም ሁላችንንም ከላይ እስከ ታች አየና «ከዚህ ግቢ ቀላሏ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ዕድሜ ልኬን ከፈረስ ጎን ሄጃለሁ እንጂ ፈረስ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ ሲስተር ኮርቻ ላይ! ወንበር አምጥተው ደግፈው አወጡኝ። መሬቱ ራቀ፣ «አውርዱኝ» ልል አፌን ስከፍት ዳማ እርምጃዋን አሳጠረች። ፈሪ ሰው እንደተቀመጠባት ገብቷት ነው። እኔም ጋማዋን ጨበጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ወጣሁባት፤ ሶምሶማም አብረን ተማርን።

የመክፈቻው ዕለት እንግዳው ብዙ አልነበረም። አራቱ ፈረሶች እንግዳ ያዙ፤ ዳማን እኔ ያዝኩ። ሰው ይዛ ትውጣ አለ እንጂ ማንን ይዛ እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም ሰው ነኝ። ከፊት ሆኜ በሐይቁ ዳር በጠንካራው መንገድ በሶምሶማ መራኋቸው። የዳማ አራት እግር እኩል ይመታል፤ ከሥሬ አዳምጠዋለሁ፤ አንዱም አይጎድልም። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩት። እየሳቅሁ ነበር፣ እያለቀስኩም ነበር።

ስንመለስ ፈረስ ነጋዴው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ከአቶ መስፍን ጋር በሩ ላይ ቆሟል። ቀኑን ሰምቶ ሳይጠሩት ነው የመጣው። አምስታችንም በፊቱ በሶምሶማ አለፍን፣ ዞረን ተመለስን፣ ቆምን። ነጋዴው ዕድሜውን በፈረስ እግር ላይ ዓይኑን ተክሎ የኖረ ሰው ነው። አንድ በአንድ አያቸው። ጎንበስ ብሎም አየ። ከዚያ ወደ አቶ መስፍን ዞረና፦

«የታመመችው የትኛዋ ናት?» አለው።

አቶ መስፍን ቀና ብሎ አየኝ። ሳቅ ሊያመልጠው ነበር።

«የለችም» አለ።

ነጋዴው ገመዱን ከትከሻው አወረደ፤ ግራ ገባው። እኔም ገና ከኮርቻው አልወረድኩም ነበርና ከላይ ሆኜ «በባዶ ሆድህስ አትመለስ፤ ግባ፣ ምሳ ብላ» አልኩት።